ከእንጦጦ ግርጌ የነበሩት ርዕሰ መምህርት

ከየካ እስከ ጉለሌ አዲስ አበባን በሰሜን በኩል የሚጋርደው የእንጦጦ ተራራ፣ ማገዶ ተሸክመው በሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ለብዙ ዘመን አይቷል። ከዚያው ጎዳና ግርጌ በስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ወንዶቹን መቀበል ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የሴት ልጅ ተራ ያን ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ከደረሰም በኋላ ቢሆን ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ናቸው። የርዕሰ መምህርነቱን ወንበር በመጀመሪያ የተረከቡት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደር ከንቲባነታቸው የሚታወቁ፣ ቋንቋ አዋቂ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል እንድትቆጥር መፍቀድ እንኳ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ ስንዱንና እህታቸውን የውብዳርን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ስንዱ በሎዛን ሥነ ጽሑፍ ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ያወቁትን የሚያስተምሩበት የሰላም ጊዜ አጭር ነበር።

የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ አቀኑ። በዚያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው በቀይ መስቀል አገልግሎት ቁስለኛ ረዱ። በኋላ በጠላት እጅ ወደቁ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ወዲህ ደግሞ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ወይዘሮ ስንዱም ከብዙ መኳንንትና ምሁራን ጋር ጣሊያን አገር ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ።

አገር ነጻ ስትወጣ ሥራቸውን የጀመሩት በደሴ ነው፤ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት። ወይዘሮ ስኂን የእቴጌ መነን እናት ናቸውና፣ ስንዱ በእናት ስም ከተጠራው ትምህርት ቤት ተነሥተው በልጅ ስም ወደሚጠራው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተሻገሩ ማለት ነው። በዚያም ርዕሰ መምህርት ሆኑ።

ይህ ሹመት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የዚያን ዘመን ወላጅ ግን ልጁን ለመዳር እንጂ ለማስተማር አይቸኩልም ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቶ ከዓይኑ ማራቅማ ይበልጥ ይከብደዋል። ስለዚህ የርዕሰ መምህርቷ ሥራ ደብተርና ደወል መቆጣጠር ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የወላጅን አደራ መቀበልም ነው። ቋንቋውን የማታውቅ የውጭ አገር ሰው ይህን አደራ በአስተርጓሚ ትቀበል ይሆናል። ከጦር ሜዳና ከግዞት የተመለሰች፣ የአገሩን ወግ የምታውቅ ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ስትቀበለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለተማሪዋም እንዲሁ፦ በየማለዳው በፊቷ የምትቆመው አለቃ እንደ እናቷ ነጠላ የምትለብስ፣ በአማርኛ የምትገሥጽ ሴት ሆነች።

ወይዘሮ ስንዱ ከመማሪያ ክፍሉ ሌላ መድረኩንም አስተማሪ አድርገውታል። ተውኔቶችን እየጻፉ በተማሪዎቻቸው ያሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹም የወረራውን ዘመንና የአርበኞችን ተጋድሎ የሚያነሡ ናቸው። በቴአትር የሴቷን ቦታ ወንድ ቀሚስ ለብሶ በሚጫወትበት ዘመን፣ ልጃገረዶች በሰው ፊት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገራቸው በራሱ ትምህርት ነበር። ከድርሰቶቻቸው የተወሰኑት በ1942 ዓ.ም. በታተመው «የልቤ መጽሐፍ» ውስጥ ይገኛሉ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ የርዕሰ መምህርነታቸው ዘመን ግን እምብዛም አይወሳም። ሚዛኑ የተዛባ ይመስላል። በምክር ቤቱ አንዲት ሴት ብቻቸውን ነበሩ፤ በትምህርት ቤቱ ግን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጃገረዶች አብረዋቸው ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ኋላ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሆኑ ወጥተዋል።

ከምክር ቤት በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ይመሩት የነበረው ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ የእቴጌይቱን ስም ለቆ በሌላ ስም ተጠራ። የተሰጠውም ስም የካቲት 12 ነበር፤ ርዕሰ መምህርቷን ወደ አዚናራ ያስጋዘው መዓት የጀመረበት ቀን።