ከልብስ አጣቢዎች የተማረው ዶክተር

ጉበት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የወፍ በሽታ ነው፣ ወይ ደግሞ መጠጥ። ብልሃርዝያን የሚያነሳ ሰው ማሻ ውስጥ እምብዛም አልገጠመኝም። ወንዝ እንደሆነ ሞልቶናል፤ ልጁም ይዋኝበታል፣ ልብሱም ይታጠብበታል። ዛሬ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ የምጽፈው ለዚህ ነው።

አክሊሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ተምሮ ሲመለስ፣ በ1964 የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን ሊያጠና አድዋ ወረደ። እዚያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ሴቶቹ ከኖሩበት ሙያ ሳይንስ ያወጣው ያኔ ነው።

ቀንድ አውጣው ምን አገባው? የትሉ እንቁላል ከታማሚ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ወንዝ ይገባል። ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሎቹ አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይኖራሉ፤ ከእንቁላሎቻቸው ብዙዎቹ ግን በደም ተወስደው ጉበት ላይ ይቀራሉ። በዓመታት ውስጥ ጉበት ይጠጥራል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስ ደም ያስታውካል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አዲስ አበባ ላይ መሠረተ። እንዶድን አድዋ ላይ ለዓመታት ሲሞክር፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የሚገርመኝ ወጪው ነው፤ የውጭው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በዶላር የሚገዛ ሲሆን እንዶድ ግን አጥር ላይ ይበቅላል። የውጭ ተቋማት ግን ለረጅም ጊዜ ተጠራጠሩት፤ ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራም ጠየቁ። ዓመታት በዚህ አለቁ። በ1989 አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳት ላይ እንዶድ ተሞከረ፤ ሠራም። ፓተንቱ ላይ አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዘገበ፣ ባለቤትነቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ። የአድዋ አጣቢዎች ስም የለበትም።

አክሊሉ በ1997 ሞተ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል።