ስለ ከፋው ንጉሥ ስለ ጋኪ ሸሮቾ ሕይወትና በእርሳቸው ስለሚነሣው ክርክር

ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ ፍርዱ ጐደሎ ይሆናል። በሞተ ሰው ላይ ሲፈረድማ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ሙት ተነሥቶ ስለ ራሱ አይከራከርምና። ስለዚህ የመጨረሻውን የከፋ ንጉሥ የታቶ ጋኪ ሸሮቾን ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን፤ ቀጥሎም በሥራቸው ላይ የሚነሣውን ክርክር ከሁለቱም ወገን ሰምተን እንመዝናለን።

ከጎጀብ ወንዝ በስተደቡብ ያለችው ከፋ፥ ቡናና ኮረሪማ፥ ማርና ዝባድ የሚገኝባት የደን አገር ናት። ቦንጋና አንደራቻ የታወቁ የመንግሥት ከተሞቿ ነበሩ። ንጉሡ ሚክሬቾ በሚባሉ መማክርት እየታገዙ ይገዙ ነበር፤ ዳር ድንበሩም በጥልቅ ቦይና በእንጨት አጥር ይጠበቅ ነበር። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ባነገሡ ጊዜ፥ አገሪቱ በኃያላን ዓይን ውስጥ መግባቷ ታወቀ። ጋኪ ሸሮቾ በ1882 ዓ.ም. ዙፋኑን ሲወርሱ ይህን አደጋ አብረው ወረሱ።

በ1889 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን ወደ ከፋ አዘመቱ፤ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ዘመተ። ከፋዎች ጦርና ጋሻ እንጂ ጠብመንጃ እምብዛም አልነበራቸውም። ሆኖም ንጉሡ አልገብርም ብለው በየጫካው እየተሸሸጉ ብዙ ወራት ተከላከሉ። በዚያ ዘመቻ መንደር ተቃጠለ፤ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ሰውም ተማርኮ ለባርነት ተነዳ። በመስከረም 1890 ዓ.ም. ንጉሡ ተያዙ፤ በብር ሰንሰለት ታስረው እንደ ተወሰዱም ይነገራል። ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ከኖሩ በኋላ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ዐረፉ።

እንግዲህ አንደኛው ወገን፥ ንጉሡ በእልከኝነታቸው ሕዝባቸውን አስፈጁ ይላል። አባ ጅፋር ቀድመው ገብረው ጅማን ከጥፋት አድነዋልና፤ ነቢዩ ኤርምያስም ንጉሡን ሴዴቅያስን ለባቢሎን እጅህን ስጥ ብሎ መክሮት፥ ምክሩን ባለመስማቱ ከተማይቱ ተቃጥላለችና። ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ዘውድ ለሕዝብ ተሰጠ እንጂ ሕዝብ ለዘውድ አልተፈጠረም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ አባቶች ያወረሱትን መጠበቅ የንጉሥ ግዴታ ነው ይላል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለአክዓብ አልሰጥም ብሎ በድንጋይ ተወግሮ ሲሞት፥ መጽሐፍ ደሙን በአክዓብ ላይ ቈጠረ እንጂ ናቡቴን እልከኛ አላለውም። ይህም ቃል የጸና ነው።

እኛ ግን ሁለቱም ምሳሌዎች በአንድ ነገር እንደሚስማሙ እናስተውላለን። ናቡቴ የራሱን ነፍስ ሰጠ፤ ንጉሥ ግን የብዙዎችን ነፍስ ይይዛልና፥ ተስፋው ባለቀ ጊዜ ስለ ዘውዱ የሌሎችን ደም ማፍሰስ አይገባውም። በዚህ የመጀመሪያው ወገን እውነት አለው። ነገር ግን ሴዴቅያስን የመከረው ያው ኤርምያስ ባቢሎንን ከፍርድ ነጻ አላወጣትም፤ ስላፈሰሰችው ደም እንደምትጠየቅ ተናግሯል። እንግዲህ እጁን ያልሰጠ ሰው ጥፋት ቢኖርበት እንኳ፥ ቤቱን ያቃጠለውና ልጁን የሸጠው ሰው ኃጢአት ወደ እርሱ አይዛወርም። እያንዳንዱ በሠራው ይጠየቃል።

ሌሎች ደግሞ፥ በዘመቻው ምክንያት በከፋ አብያተ ክርስቲያናት ስለ በዙ ዘመቻው መልካም ነበር ይላሉ። ወንጌል መስፋፋቷ ደስ ያሰኘናል። ሆኖም ዮሴፍን ወንድሞቹ በመሸጣቸው ብዙ ሕዝብ ከረሃብ ዳነ፤ ይሁን እንጂ ዮሴፍ ሥራቸው ክፉ እንደ ነበረ አልሸሸገም፤ መልካሙን ያደረገው እግዚአብሔር መሆኑን ተናገረ እንጂ። እግዚአብሔር ከክፉ መልካም ማውጣቱ ክፉውን መልካም አያደርገውም። የባሪያ ንግድም በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ዘግይቶ በ1934 ዓ.ም. ነውና፥ ክርስቲያን ነን የምንል ሁሉ በዚህ ልናፍር እንጂ ልንመካ አይገባንም።

ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ የልብን አሳብ የሚመረምር እግዚአብሔር ስለ ሆነ፥ የጋኪ ሸሮቾን ነፍስ ለእርሱ እንተዋለን። በመካከላችን ጠብ ሲነሣ ግን ይህን ሕይወት እናስብ፤ የባላጋራን ቃል በሙሉ ኃይሉ ሳንሰማ አንመልስ፤ የተበደለው ሰው ስሕተት ቢገኝበትም በዳዩን ነጻ አናውጣበት። ዛሬ በቦንጋ የዘማቹም የተዘመተበትም የልጅ ልጆች ከአንዱ ጽዋ ይቀበላሉ። አንድ ጽዋ የሚጠጡ ወንድማማቾች ያለፈውን በእውነት ሊመዝኑት እንጂ ሊሸሽጉት ወይም ሊበቃቀሉበት አይገባቸውም። ለዚህም የሰላም አምላክ ይርዳን፤ አሜን።