የአራሶች ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፥ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1784 ዓ.ም. ባቋቋመው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው ክፍል ሴቶችን የሚያዋልዱት የሕክምና ተማሪዎች ሲሆኑ፥ በሁለተኛው ክፍል ግን የአዋላጅነትን ሙያ የሚማሩ ሴቶች ነበሩ። ነፍሰ ጡሮቹ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የሚገቡት በምርጫቸው ሳይሆን በቀን ተራ ነበረ። ይሁን እንጂ የከተማው ድኾች አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ በአንደኛው ክፍል አራሶች ይበልጥ ይሞታሉ። ስለዚህ ምጥ የያዛት ሴት ተራው የአንደኛው ክፍል መሆኑን በሰማች ጊዜ ተንበርክካ፥ ወደ ሌላው እንዲያስገቧት እያለቀሰች ትለምን ነበር። ወደ ሆስፒታሉ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ የሚወልዱም ብዙዎች ነበሩ። የሚያስደንቀው ነገር፥ በመንገድ የወለዱት እነዚህ ሴቶች በሐኪም እጅ ከወለዱት ይልቅ በጤና ይነሡ ነበር።

ሞቱ የሚመጣው የአራስ ትኩሳት በተባለው በሽታ ነው። ሴቲቱ በደኅና ከተገላገለች በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያንቀጠቅጣታል፤ ሰውነቷ ይግላል፤ ሆዷ ይነፋና በሕመም ይጨነቃል፤ ጥቂት ቀናትም ሳይቆይ ታርፋለች። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም ይከተላታል።

የዚህን ነገር ምክንያት ያገኘው ሰው ኢግናዝ ዜመልቫይስ፥ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቡዳ ከተማ፥ ታባን በሚባለው ሰፈር፥ ጁላይ 1 ቀን 1818 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ቅመማ ቅመምና ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁን ሕግ እንዲማር በ1837 ዓ.ም. ወደ ቪየና ላከው፤ እርሱ ግን በዓመቱ ሕግን ትቶ ወደ ሕክምና ትምህርት ዞረ፤ በ1844 ዓ.ም. በዶክተርነት ተመረቀ።

በዚያ ዘመን የቪየና የሕክምና ትምህርት ቤት በአውሮፓ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነበረ። ዮሴፍ ሽኮዳ ደረትን በማንኳኳትና በማዳመጥ በሽታን ለይቶ ማወቅን ያስተምር ነበር። ካርል ሮኪታንስኪ ደግሞ በሆስፒታሉ የሚሞቱትን ሰዎች አስከሬን እየከፈተ፥ በሽታው በሳንባ፥ በጉበትና በአንጀት ላይ የተወውን ምልክት ይመረምር፥ ያንንም ታማሚው በሕይወት ሳለ ከታየበት ጋር ያስተያይ ነበር። ይህም ፓቶሎጂ የተባለው ዕውቀት ነው። ዛሬ ሐኪም የበሽተኛውን ደምና ሥጋ ሳያስመረምር አይፈርድም፤ የዚህ ልማድ መሠረት ከተጣለባቸው ስፍራዎች አንዱ የሮኪታንስኪ የአስከሬን ቤት ነው። ተማሪዎቹም ማለዳ በአስከሬን ቤት ይማሩና ከዚያ ወጥተው ወደ ሕያዋን ክፍል ይሄዱ ነበር። አንባቢ ይህን መንገድ በልቡ ይያዝልን፤ የታሪኩ ቁልፍ በእርሱ ላይ ነውና።

ዜመልቫይስ በ1846 ዓ.ም. የፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆኖ በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ተሾመ። በዚያው ዓመት በአንደኛው ክፍል 4010 ሴቶች ወልደው 459 ሞቱ፤ በሁለተኛው 3754 ወልደው የሞቱት 105 ብቻ ነበሩ። ይህ በመዝገብ የተጻፈ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችል ነበር። ሌሎቹ አይተው ያልፉት ነበር፤ እርሱን ግን እንቅልፍ ነሣው።

ሊቃውንቱ በሽታው ከአየር መበከል ይመጣል ይሉ ነበር። እርሱ ግን ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዓይነት አየር ሲተነፍሱ፥ አየሩ አንዱን መርጦ እንዴት ይመታል? ብሎ ጠየቀ። መጨናነቅ ነው እንዳይባል ሴቶቹ የሚሸሹት አንደኛውን ስለ ሆነ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበረ። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ይወልዱ እንደ ነበር ባየ ጊዜ በእርሱም ክፍል እንዲሁ እንዲሆን አደረገ፤ ለውጥ አልመጣም። ምክንያቱ ፍርሃት ነው የሚሉም ነበሩ። ለምትሞተው ሴት የመጨረሻውን ሥርዓት ሊፈጽም የሚመጣው ካህን ወደ አንደኛው ክፍል የሕሙማን ማረፊያ ለመድረስ አራሶች በተኙባቸው በአምስት ክፍሎች ማለፍ ነበረበት፤ በፊቱም ደወል ይደወል ነበር። ዜመልቫይስ ራሱ ያን የደወል ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ይርድ እንደ ነበር ከብዙ ዘመን በኋላ ጽፎአል። ካህኑን ለምኖ በሌላ መንገድ ያለ ደወል እንዲመጣ አደረገ። ደወሉ ዝም አለ፤ ሞቱ ግን ዝም አላለም።

መንግሥት ያቆመው የመርማሪዎች ጉባኤ ደግሞ ጥፋቱ የተማሪዎቹ፥ ይልቁንም ከውጭ አገር የመጡት፥ እጃቸው ሻካራ ስለ ሆነ ነው ብሎ ፈረደ፤ የተማሪዎቹም ቍጥር ከ42 ወደ 20 ተቀነሰ። ለጥቂት ወራት ሞቱ ጋብ አለና በ1847 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር እንደ ገና ተነሣ፤ ከ312 ወላዶች 57 ሞቱ።

በዚያ ዓመት በማርች ወር ዜመልቫይስ ልቡን ለማሳረፍ ከወዳጆቹ ጋር ወደ ቬኒስ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የጠበቀው መርዶ ነው። ለፍርድ ጉዳይ አስከሬን የሚመረምረው ወዳጁና መምህሩ ያኮብ ኮሌችካ፥ አስከሬን ሲከፍት ሳለ የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወግቶት በጥቂት ቀናት ሞቶአል። ዜመልቫይስ የወዳጁን የአስከሬን ምርመራ ጽሑፍ ተቀብሎ አነበበ። የሳንባ ሽፋኑ፥ የልብ ሽፋኑ፥ የሆድ ዕቃው ሽፋንና የአንጎሉ ሽፋን ሁሉ ቈስሎ መግል ይዞ ነበር። ይህን ሥዕል ያውቀዋል፤ በትኩሳት ከሞቱት አራሶች ሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቶታል። ወንድ የሆነው፥ ያልወለደው ኮሌችካ በአራሶች በሽታ ሞተ!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀንና ሌሊት አልተወውም። ኮሌችካን የገደለው በቢላዋ ጫፍ ወደ ደሙ የገባው የአስከሬን ቍራጭ ከሆነ፥ ወደ አራሶቹስ ማን አስገባው? መልሱ ከአስከሬን ቤት ወደ ማዋለጃ የሚወስደው ያ የማለዳ መንገድ ነው። ተማሪዎቹና መምህራኑ አስከሬን በነኩበት እጅ ምጥ የያዛትን ሴት ይመረምሩ ነበር። የአዋላጅነት ተማሪዎች ግን አስከሬን አይነኩም። እጃቸውንስ አይታጠቡም ነበርን? በሳሙና ይታጠቡ ነበር፤ ነገር ግን ከታጠቡ በኋላ የአስከሬኑ ሽታ በእጃቸው ላይ ይቀር ነበር። ሽታው ካለ ነገሩም አለ ብሎ ገመተ። በዚያ ዘመን በዓይን የማይታዩት የበሽታ ተሕዋስያን ገና አልታወቁም ነበርና፥ ከአፍንጫው በቀር የሚመራው አልነበረውም።

በ1847 ዓ.ም. በሜይ ወር አጋማሽ በክፍሉ በር ላይ የክሎሪን ውሃ ያለበት ዕቃ አኖረ፤ ዋጋው ስለ ተወደደ ቈይቶ በክሎሪን ኖራ ለወጠው፤ ይህም ዛሬ በረኪና ከምንለው ነገር ጋር ዘመድ ነው። ማንም ሰው፥ ፕሮፌሰርም ቢሆን፥ በዚህ እጁን ሳይታጠብ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አዘዘ። በጁን ወር ከ268 ወላዶች የሞቱት 6 ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት በ1848 ዓ.ም. በአንደኛው ክፍል ከ3556 ወላዶች 45 ሞቱ፤ በሁለተኛው ከ3219 43 ሞቱ። የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት ጠፋ። በዚያው ዓመት በማርችና በኦገስት ወራት በአንደኛው ክፍል አንዲት አራስ እንኳ አልሞተችም።

የሆስፒታሉን አሮጌ መዝገቦች ወደ ኋላ እየገለጠ ሲመለከት ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። ከክላይን በፊት የነበረው መምህር ቦዔር በአስከሬን ማስተማርን አይወድም ነበር፤ ተማሪዎቹ በሰው ምስል በተሠራ አሻንጉሊት ይለማመዱ ነበር። በእርሱ ዘመን የሞቱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በ1823 ዓ.ም. ክላይን ትምህርቱን በአስከሬን ካደረገ ወዲህ ሞት በረታ። የሁለቱ ክፍሎች ልዩነትም የጀመረው ወንዶቹ ተማሪዎች ሁሉ ወደ አንደኛው፥ አዋላጆቹ ሁሉ ወደ ሁለተኛው በተመደቡበት በ1840 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዕውቀት እየተስፋፋ በሄደ መጠን ሞትም አብሮት ተስፋፍቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ኮሌችካ ለምን እንደ ሞተ የተነገረው በዚያው በአስከሬን ምርመራ ነው፤ ቍስሉም መድኃኒቱም ከአንድ ቤት ወጡ።

ዜመልቫይስ ከዚህ ሸክም ራሱን አላወጣም። ሴቶቹ የሞቱበትን ምክንያት ለማወቅ በየማለዳው አስከሬናቸውን የሚመረምረው እርሱ ራሱ ነበረና፥ ብዙዎችን በገዛ እጁ ወደ መቃብር እንዳወረደ፥ ቍጥራቸውንም ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ በመጽሐፉ ውስጥ ገልጦ ተናዘዘ። ብዙ ሐኪሞች ትምህርቱን ያልተቀበሉት ይህን ለማለት ስላልደፈሩ ይመስለኛል። የኪል ከተማ ሐኪም ጉስታቭ ሚካኤሊስ ግን አመነ፤ እርሱ ያዋለዳት የቅርብ ዘመዱ በዚህ በሽታ ሞታ ነበርና፥ እኔ ገደልኋት በሚል ኀዘን ተውጦ በ1848 ዓ.ም. ራሱን አጠፋ።

በ1847 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። በመጀመሪያው አልጋ ላይ የተኛችው ሴት በማኅፀኗ መግል የሚያወጣ ነቀርሳ ነበረባት። ሐኪሞቹ ሲገቡ እጃቸውን በክሎሪን ታጥበው ነበር፤ ከእርስዋ ወደሚቀጥሉት ሲያልፉ ግን በሳሙና ብቻ ታጠቡ። አብረዋት ከወለዱት ወደ 12 ከሚሆኑት ሴቶች 11 ሞቱ። ስለዚህ ክፉው ነገር ከአስከሬን ብቻ ሳይሆን ከሕያው ሰው ቍስልም እንደሚመጣ ተረዳ፤ ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ መታጠብ ግዴታ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የዜመልቫይስ ሥራ ነቀፋ የለበትም። ከዚህ በኋላ ግን የራሱን ጉዳይ ራሱ እንደ ጎዳ ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ማስረጃው በእጁ ሳለ ብዕር ማንሣትን ይፈራ ነበር። ግኝቱን በመጀመሪያ በመጽሔት ያሳተመው ወዳጁ ፈርዲናንድ ሄብራ ነው፤ እርሱ ራሱ በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት የተናገረው በ1850 ዓ.ም. ነው። በሩቅ ያሉት ሐኪሞች ነገሩን በወሬ ሰሙ፤ ብዙዎቹም ሳይረዱት ናቁት። አለቃው ክላይን ስለ ጠላው በ1849 ዓ.ም. የረዳትነቱ ዘመን ሲፈጸም አልታደሰለትም። በ1850 ዓ.ም. እንዲያስተምር ቢፈቀድለትም በአሻንጉሊት ላይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነበት። ዜመልቫይስ በዚህ ተቈጥቶ፥ ለእርሱ ብዙ የደከሙለትን ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አገሩ ሄደ። ሽኮዳ በዚህ አዘነበት፤ ማዘኑም ተገቢ ነበረ።

በፔስት ከተማ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል በስድስት ዓመት ውስጥ ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱበት 8 ብቻ ነበሩ። በ1855 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1857 ዓ.ም. ማሪያ ቫይደንሆፈርን አግብቶ ልጆች ወለደ። በዩኒቨርሲቲው ክፍል ሞት እንደ ገና ሲነሣ፥ የአልጋ አንሶላዎቹ ደሙ ሳይለቃቸው ታጥበዋል ተብለው እንደሚመለሱ ደርሶበት ስለ አንሶላ ከሹማምንት ጋር ተከራከረ።

ትልቁ መጽሐፉ የታተመው በ1861 ዓ.ም. ነው። ረዥም፥ በሰንጠረዥ የተሞላ፥ በክርክርም የከበደ መጽሐፍ ነው፤ ብዙዎች እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ስመ ጥሩው የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾቭ እንኳ ትምህርቱን አልተቀበለም። ያን ጊዜ ዜመልቫይስ ለፕሮፌሰሮቹ የተከፈቱ ደብዳቤዎችን እያሳተመ ይልክ ጀመር፤ በእነርሱም ውስጥ ትምህርቱን የማይቀበለውን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጠራ። ነገሩ እውነት ያለበት ነበረ፤ እንዲህ ተብሎ የተሰደበ መምህር ግን በተማሪዎቹ ፊት ተሳስቻለሁ ይላልን?

በ1865 ዓ.ም. አእምሮው ታወከ። በጁላይ ወር መጨረሻ ወደ ቪየና ወሰዱት፤ ሄብራ ተቀብሎት አዲስ የሕክምና ቤት አሳይሃለሁ በማለት ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት አስገባው። ሊወጣ ሲታገል ጠባቂዎቹ ደበደቡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ ኦገስት 13 ቀን፥ በ47 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን ወደ ትልቁ ሆስፒታል፥ እርሱ ራሱ በየማለዳው ይሠራበት ወደ ነበረው የአስከሬን ቤት ወስደው መረመሩት። የቀኝ እጁ ጣት ቈስሎ በስብሶ ነበር፤ መርዙም በደሙ ተሰራጭቶአል። እንደ ኮሌችካ ማለት ነው።

ከመሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፥ ኦገስት 12 ቀን፥ በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ጆሴፍ ሊስተር የተባለ ሐኪም እግሩ የተሰበረ የአንድ ልጅ ቍስል በካርቦሊክ አሲድ አጥቦ አሰረ፤ ልጁም ዳነ። በ1879 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር በፓሪስ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ፥ የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ተሕዋስ እንደ ዶቃ ክር ተያይዞ በሰሌዳ ላይ ሣለው። የዜመልቫይስ ዐፅም በ1891 ዓ.ም. ከቪየና ወደ ቡዳፔስት ተወሰደ፤ በታባን የሚገኘው የተወለደበት ቤትም የሕክምና ታሪክ ቤተ መዘክር ሆኖ ዐፅሙ አሁን በዚያው በግቢው ውስጥ ነው።