በደመወዝ መዝገብ ላይ ያልተጻፈችው ልጅ

ዛሬ ኮሪያ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ስልኩ፣ መኪናውና ድራማው ነው። አያቶቻችን ደግሞ ቃኘው ሻለቃን ያስታውሳሉ። ከዛ ሁሉ በፊት ግን ኮሪያውያን ራሳቸው እንጀራ ፍለጋ ባህር ያቋርጡ ነበር። ሜሪ ፓይክ ሊ የዛ ዘመን ልጅ ናት።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1900 ፒዮንግያንግ ነው። በ1905 የጃፓን ወታደሮች ቤታቸውን ፈልገው ቤተሰቡን አስወጡት። አያቶቿ እዛው ቀሩ፤ አባት፣ እናትና ልጆች ወደብ ወረዱ። እዛ ደግሞ ለሃዋይ የሸንኮራ እርሻዎች ሰው የሚመለምሉ ደላሎች አገኟቸው።

ከ1903 እስከ 1905 ወደ 7 ሺህ ኮሪያውያን በዚሁ መንገድ ሃዋይ ገብተዋል። ባለ እርሻዎቹ ኮሪያውያንን የፈለጉት ወደዋቸው አይደለም። ጃፓናውያኑ ሠራተኞች በዝተው አድማ መምታት ስለጀመሩ ተፎካካሪ ለማምጣት ነው። ደመወዙ በወር 16 ዶላር ገደማ፣ ሥራው በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን። አካፍሉት፤ በሰዓት 6 ሳንቲም ነው የሚመጣው!

ቤተሰቡ ኦዋሁ ደሴት ላይ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ በ1906 መጨረሻ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። ሳን ፍራንሲስኮ ከመርከብ ሲወርዱ ነጭ ወጣቶች ተሳለቁባቸው፤ ፊታቸው ላይም ተፉባቸው። ሜሪ ታዲያ ለምን መጣን ብላ ጠየቀች። አባቷ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ኮሪያ ሲገቡ ሕዝቡ እነሱንም እንዲሁ እንዳዋረዳቸው፣ በትዕግሥት ግን ክብር እንዳገኙ ነገራት። እስቲ አስቡት፣ የተተፋበት ሰው ነው እንዲህ ብሎ ልጁን የሚያጽናናው።

ሪቨርሳይድ ላይ አባቷ ብርቱካን ለቀማ ገባ። እናቷ ደግሞ 30 ለሚሆኑ ላጤ ሠራተኞች ማብሰል ጀመረች፤ አስቤዛው የመጣው ከቻይናውያን ነጋዴዎች በዱቤ ነው። ሥጋ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረ ሜሪና ታላቅ ወንድሟ ቄራ እየሄዱ የሚጣለውን ጉበት፣ ልብ፣ ኩላሊትና አንጀት ያመጡ ነበር። እኛ ዱለት የምናደርገው ነገር እዛ ቆሻሻ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባች ቀን ልጆቹ ከበው በዘፈን ሲያሾፉባት አንገቷን እየመቱ ነው። እሷ ግን ትምህርት አልጠላችም። ከፍ ስትል ከቤተሰቧ ተለይታ፣ ሰው ቤት እየሠራች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ሞከረች፤ ድካሙና ረሃቡ ግን መለሳት። አባቷ በሜርኩሪ ማዕድን ማውጫ ሲሠራ ጤናውን አጣ። በ1913 ደግሞ ካሊፎርኒያ እንደነሱ ያሉ እስያውያን ስደተኞች መሬት እንዳይገዙ የሚከለክል ሕግ አወጣች። አርሶ የራስ ማድረግ አልተቻለም፤ ሥራ ባለበት ሁሉ መንከራተት ሆነ።

ሜሪ በ1919 አግብታ ሩዝ አመረተች፣ አትክልት ሸጠች፣ ልጆች አሳደገች። በ1990፣ በ90 ዓመቷ፣ የሕይወት ታሪኳ ኳየት ኦዲሲ በሚል ርዕስ ታተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ አረፈች። የዛን ዘመን የኮሪያውያን ኑሮ ከሴት አንደበት የሚነግሩን መጻሕፍት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእሷ አንዱ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ስደት ማለት የደመወዝ ልዩነትና የሐዋላ ገንዘብ ነበር። ቀመሩ ስህተት አይደለም፤ ግን 6 ሳንቲሙ ውስጥ ቄራ በር ላይ የምትጠብቅ ልጅ አትታይም። እሷ ባትጽፈው ኖሮ ዛሬም አናያትም ነበር። ስለዚህ ቤታችሁ ከስደት የተመለሰ ሰው ካለ፣ ስንት ይዘህ መጣህ ከማለታችሁ በፊት እንዴት ኖርክ በሉት። ስልካችሁ ላይ መቅጃ አለ አይደል?