ነርስ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ? የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት



በዚህ ተርም ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍቼ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ነርስ ብትሆን ይሻላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ደግሞ አባቷ መጡ። ልጃቸው ጎበዝ ስለሆነች ዶክተር እንድትሆንላቸው እንጂ የሰው ሰገራ ስትጠርግ ሊያዩዋት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲንም ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ወደዚህ የመጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ በዚያን ቀን ለአባትየውም ለልጅቱም የረባ መልስ አልሰጠሁም። ማታ ግን ተኝቼ ሳሰላስል እንደ እናንተ በልጅነቷ አገሯን ጥላ የተሰደደች፣ በስደት ላይ ሳለችም ይህንኑ ሙያ የመረጠች አንዲት ኢትዮጵያዊት ትዝ አለችኝ። የንጉሥ ልጅ ነበረች። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ የሞቱት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ቢሆንም እኔ ያደግሁበት ቤት ልዕልትን አንቺ ማለት አላስተማረኝም።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) አባታቸው ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው በ1912 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ነርሶች በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዲመዘገቡ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በዚያ አገር ማንም ሰው ነርስ ነኝ ብሎ በሽተኛ አጠገብ መቆም ይችል ነበር። ታዲያ ነርስነት በአገር ሕግ የታወቀ ሙያ የሆነው በእንግሊዝ አገር እንኳ በልዕልቲቱ ዕድሜ ልክ መሆኑን ልብ በሉ።

በእኛ አገር ያን ጊዜ በሽተኛ ማስታመም የእናት፣ የእህት ወይም የገረድ ሥራ ነበር። ሆስፒታሎቹ ጥቂት ነበሩ። በእነርሱም ውስጥ የሚሠሩት ነርሶች አብዛኛዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ሴቶች ሲሆኑ፣ ቁስል የሚያጥቡትና መርፌ የሚወጉት ድሬሰሮች ደግሞ ወንዶች ነበሩ። የመኳንንት ልጅ የማታውቀውን ሰው መግል በእጇ ትነካለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ጦርነቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ጣልያን ድንበር ጥሶ የገባው ደግሞ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። እቴጌ መነንና ሌሎች ሴቶች ለዘማቹ ልብስና ፋሻ ሲያዘጋጁ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃቸውም በዚሁ ሥራ ላይ ነበሩ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በከተማዋ የነበረውም ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥ ደግሞ ከዚህ ከሞያሌ ወደ ምሥራቅ፣ በዶሎ በኩል መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ጓድ ከነድንኳኑ በቦምብ ተደበደበ። ቁስለኞችና አስታማሚዎች አብረው አለቁ። ወላጆቻችን ስለ ማይጨው ብዙ አውርተውናል፤ ስለ መልካ ዲዳ ግን እምብዛም አይወራም። ሕዝቡን ያቃጠለው የመርዝ ጋዝ ቁስልም እንዲሁ ነው። ያን ቁስል በወጉ አጥቦ መጠቅለል የሚያውቅ እጅ በመላው አገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ከዚያም በመርከብ ወደ ሃይፋ፣ ቀጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም፣ በመጨረሻም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። መኖሪያቸው ባዝ በምትባል ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ሆነ። ስደት ለንጉሥም ቢሆን ስደት ነው፤ ብርዱ ብርድ ነው፤ ገንዘብ ስላጠራቸው ከአገር ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። እናንተ ከቤታችሁ ይዛችሁት የወጣችሁትን ዕቃ እናታችሁ ገበያ አውጥታ ስትሸጥ አይታችሁ ከሆነ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም።

እንግዲህ ልዕልቲቱ በዚያ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠው አገር ነፃ የምትወጣበትን ቀን መቁጠር ይችሉ ነበር። ማንም አይፈርድባቸውም። እርሳቸው ግን በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ግድም ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወደሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል በነርስ ተማሪነት ገቡ።

ተማሪ ነርስ መሆን በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ላስረዳ፤ ነርስ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ተማሪዎቹ በሆስፒታሉ ግቢ ባለው የነርሶች ቤት ያድራሉ። የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ጀማሪ የሚሠራው አልጋ ማንጠፍ፣ ወለልና ዕቃ መወልወል፣ የሽንት ዕቃ ማጠብ፣ ሕፃን ማብላትና ማጠብ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በዚሁ ሥራ መሃል፣ ብዙ ጊዜም ማረፍ በሚገባ ሰዓት ነበር። በአለቃ መቆጣት የዕለት እንጀራ ነው። አልጋ ልብሱ ከተጣመመ ልዕልትነት አያቀናውም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና ሆስፒታል አልገባም ነበር። የሳምባ ምች የያዘውን ሕፃን የሚያድነው በአብዛኛው ጥበቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳቱን መለካት፣ ትንፋሹን መቁጠር፣ ውኃ በማንኪያ ማጠጣት፣ ላቡን ማድረቅ፣ የከንፈሩ ቀለም ሲለወጥ ፈጥኖ ሐኪም መጥራት። ሐኪሙ አይቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱን አብራ የምታድረው ነርሷ ናት። ወላጆችም ያን ጊዜ እንደ ልብ ገብተው ልጃቸውን መጠየቅ አይፈቀድላቸውም ነበርና ልጁ ሲያለቅስ የሚያየው የእርሷን ፊት ብቻ ነው። ያም ፊት ከሩቅ አገር የመጣች የጥቁር ሴት ፊት ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ብዙ ተማሪዎች ደም ሳይ ያዞረኛል፣ ስለዚህ ነርስ አልሆንም ይሉኛል። ደም ይለመዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። የሚከብደው አንድን ነገር በቀን ሃያ ጊዜ፣ በሃያኛውም እንደ መጀመሪያው አድርጎ መሥራት ነው። የሚከብደው በሽተኛው ሲሳደብ አለመመለስ፣ የሰውን ገመና አይቶ ሰፈር ውስጥ አለማውራት ነው። (ይህን የምለው የካምፕን ወሬ ስለማውቅ ነው።) ደግሞም የመድኃኒት መጠን ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። ከሂሳብ ለመሸሽ ብላችሁ ነርስነትን የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ ነጥብ ያለ ቦታዋ ብትቀመጥ ሕፃኑ አሥር እጥፍ መድኃኒት እንደሚወስድ ዕወቁ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛም ያስፈልጋሉ። እዚህ ድንበር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ታግዛችኋለች። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ አንዳንዳችሁም ሶማሊኛና ቡርጂኛ ትሰማላችሁ፤ የት ላይ እንዳመማት መናገር ያቃታት እናት እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚቸግራት።

ወንዶች ልጆች፣ እናንተም አንብቡ። ከላይ የጠቀስኳቸው ድሬሰሮች ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬም በኢትዮጵያና በኬንያ ሆስፒታሎች ብዙ ወንድ ነርሶች አሉ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ልዕልት ፀሐይ ከሦስት ዓመት ትምህርት በኋላ ነሐሴ 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ገባች። እርሳቸው ግን በተመረቁበት አልበቃቸውም፤ አዋቂዎችንም ለማስታመም የሚያበቃውን ትምህርት ለመቀጠል ጋይስ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። በ1932 ዓ.ም. ማለቂያ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌት ተሌት ይደበድቧት ጀመር። አስቡት እንግዲህ፤ ከቦምብ ሸሽተው የሄዱበት አገር ቦምቡ ተከትሏቸው ሄደ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በጣልያን ታስረው የነበሩት የአባታቸው የመጀመሪያ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ በቱሪን ከተማ በእስር እንዳሉ አረፉ። እህት በአንድ አገር እስረኛ ሆና ስትሞት እህት በሌላ አገር የማያውቁትን ሰው ታስታምም ነበር።

ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በመጽሐፋችሁ ስላለ እዚህ አላስረዝምም። እርሷም የባለጸጋ ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቧም ነርስ እንዳትሆን ለዓመታት ተከላክሏት ነበር። ይህን ያነሣሁት ወላጆች ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ እንድታውቁ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ልዕልቲቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከተመለሱም በኋላ በቤተ መንግሥት አልተቀመጡም፤ ደሴ ሆስፒታል በነርስነት አገለገሉ። ደሴ ከአምስት ዓመት በፊት ከነሆስፒታሏ በቦምብ የተመታችው ያችው ከተማ ናት።

ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው ወለጋ ስለተሾሙ አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። እዚያም ጥቂት ወራት ብቻ እንደ ቆዩ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ደም መፍሰስ ሞቱ። ይህን ክፍል ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እንዳይሞት ሌሊት የጠበቁት ሴት፣ ያን ጊዜም ዛሬም በገጠር ስንት እናቶችን በሚወስደው በዚያው ነገር ተወሰዱ። ደም ሲፈስ ፈጥኖ የሚያውቅና የሚያቆም የሠለጠነ አዋላጅ፣ የሚተካ ደም፣ ቶሎ የሚያደርስ መኪና፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ንግሥናም አያድንም። የተቀበሩት አዲስ አበባ፣ አፄ ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ለማርያም ገዳም ነው።

ሐዘኑ እንግሊዝ አገር ድረስ ተሰማ። ጣልያን ኢትዮጵያን ከወረረበት ጊዜ ጀምሮ ስለ አገራችን ጋዜጣ ታትም የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ታሰባስብ ጀመር። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተባለ። ነርሶችም የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነበረው። እንግዲህ ልዕልቲቱ ሰው አገር ሄደው የተማሩትን ሙያ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች በእርሳቸው ስም በአገራቸው ተማሩት። ባዝ ያለው የስደት ቤታቸውም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለከተማዋ ሰጥተውት የአረጋውያን መጦሪያ ሆኖ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ አዲስ አበባን የምታውቁ ሰፈሩን በዚሁ ስም ታውቁታላችሁ።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ከመስጠቴ በፊት ለዚያች ተማሪ አባት አነበብኩላቸው። እስከ ነቀምቴ ድረስ ዝም ብለው ሰሙ። ስለ ሆስፒታሉ ስደርስ ግን አስቆሙኝ። በወታደርነታቸው ጊዜ ጭናቸውን ተመተው እዚያ አራት ወር ተኝተው ነበር። የማንን ስም ይዞ እንደ ተሠራ አልሰሙም። ሌሊት ሌሊት እየመጣች ቁስላቸውን የምትለውጥላቸውን ነርስ ግን እስከ ዛሬ በስሟ ያስታውሷታል። የተማረችው እዚያው ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ስለ ልጃቸው ገና አልወሰኑም።