ኬን ሳሮ ዊዋ

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ መነሣቱን፣ መሬቱ እንዳይለካበትም አጥብቆ መከላከሉን የይጁቤም ሆነ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ከአያቶቹ ሳይሰማ አይቀርም። በምዕራብ አፍሪካም ሳይጠየቅ በመሬቱ የተወሰነበት ሕዝብ ነበር፤ ኬን ሳሮ ዊዋ የወጣው ከዚህ ሕዝብ ነው።

ሳሮ ዊዋ መስከረም 30 ቀን 1934 ዓ.ም. በናይጄሪያ፣ የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ ምድር፣ ቦሪ በምትባል ስፍራ ተወለደ። ወገኖቹ ኦጎኒዎች ሥራሥር በመትከልና ዓሣ በማጥመድ ይተዳደሩ ነበር። እርሱ ግን በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በመንግሥት ሹመትና በንግድ ሠርቶ ሀብት አፈራ። ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በጻፈው ሶዛቦይ በተባለ ልብ ወለዱና በአስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማው ስሙ ገነነ። ተመችቶት መኖር ይችል ነበር።

በኦጎኒ ምድር ነዳጅ ዘይት የተገኘው በ1950 ዓ.ም. ነው። በ1962 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ከምድር በታች ያለውን ዘይት ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ። ስለሆነም ሼል የተባለው ኩባንያ ጉድጓድ ሲቆፍርና ቧንቧ ሲዘረጋ ፈቃዱን የሚያገኘው ከመንግሥት እንጂ ከባለ እርሻው አልነበረም። ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ በየመንደሩ አጠገብ ሌት ተቀን ይነድ ነበር። ከቧንቧ የሚፈሰው ዘይት እርሻውን አጠቆረ፤ ዓሣውንም ፈጀ። የሚገርመው፣ ለሌላው ብርሃን የሆነው ምድር ራሱ መብራት አላገኘም።

በ1982 ዓ.ም. የኦጎኒ ሽማግሌዎች የሕዝቡን መብት የሚዘረዝር ሰነድ አወጡ፤ ሳሮ ዊዋም የንቅናቄው አፈ ጉባኤ ሆነ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ከኦጎኒ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው፣ 300,000 ያህል ሰው፣ የዛፍ ቅጠል ይዞ በሰላም ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ሥራውን አቁሞ ከአካባቢው ወጣ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። ወታደሮች መንደሮችን ወረሩ። ኦጎኒዎችም እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ፤ ይህ ሊሸሸግ አይገባም። ግንቦት 13 ቀን 1986 ዓ.ም. አራት የኦጎኒ ታላላቅ ሰዎች በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ሳሮ ዊዋ በስፍራው ባይኖርም አነሣሥተሃል ተብሎ ተያዘ። መንግሥት ያቋቋመው ልዩ ችሎትም ይግባኝ የሌለው የሞት ፍርድ ፈረደበት። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጣው ልመና አልተሰማም፤ ጥቅምት 30 ቀን 1988 ዓ.ም. በተወለደ በ54 ዓመቱ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በፖርት ሃርኮርት ወህኒ ቤት በስቅላት ተቀጣ። ናይጄሪያም ወዲያውኑ ከኮመንዌልዝ አባልነት ታገደች።

በ2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች የኦጎኒን ምድር መርምረው ለማጽዳት ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ገለጡ። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ለዘጠኙ ሰዎች ይቅርታ አደረጉ። ወዳጆቻቸው ግን ይቅርታ የሚደረገው ለበደለ ሰው ነው በማለት ንጹሕነታቸው እንዲታወጅ ጠየቁ።