የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ

ወጋየሁ ንጋቱ ወደ ማይክራፎን የመጣው በመድረክ በኩል ነው። የቴአትርን ሙያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ከጀመረ በኋላ ወደ ሀንጋሪ ተሻግሮ ትምህርቱን ተከታተለ። ከዚያም ሲመለስ በአዲስ አበባ መድረኮች ስመ ጥር ተዋናይ ሆነ። ይሁን እንጂ ቴአትር ቤት ገብቶ ያየው ሰው ቁጥር፣ በሬዲዮ ከሰማው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ አይሞላም።

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከ500 ገጽ በላይ ነበረው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ በዚያን ዘመን ጥቂት ነበር። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ባለቤት ሆነ። ድሬዳዋ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሬዲዮ በተከፈተበት ሁሉ የጎጃም ባላባት ቤት ደረሰ።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ንግግርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። ስለዚህ ተራኪ ዓረፍተ ነገሩ ከአፉ ሳይወጣ መጨረሻውን ማወቅ ይኖርበታል። ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በድምፁ ማነስ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ የመድረክ ተዋናይ በእጁ፣ በዓይኑ፣ በአካሄዱ ይረዳል። ወጋየሁ ይህን ሁሉ ከስቱዲዮው ደጅ ትቶ መግባት ነበረበት። በዘር ሐረጋቸው የሚኮሩት ፊታውራሪ መሸሻ፣ የአገሩን ሥርዓት የሚነቅፈው ጉዱ ካሳ፣ የተሳለው ልጅ በዛብህ፣ የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል፤ ሁሉም ከአንድ ጉሮሮ የሚወጡ ናቸው። የፊታውራሪን ቁጣ ሲያሰማ ጩኸት አላበዛም፤ የሴቶቹንም ንግግር ድምፁን በማቅጠን አላስቀለደበትም። የእያንዳንዱን ሰው ፍጥነትና እረፍት ለየ። ትረካውን ከተራ ንባብ የለየው፣ በእርግጥ፣ ይኸው ነው። መጽሐፉን ኋላ ያነበቡ ብዙዎች ጉዱ ካሳን ከወጋየሁ ድምፅ መነጠል አቅቷቸዋል፤ ለደራሲ ይህ ውለታም ዕዳም ነው።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አረፈ። የመድረክ ሥራው አብዛኛው ካዩት ሰዎች ትዝታ ጋር የሚያልፍ ሲሆን፣ ትረካው ግን በክር ተቀርጾ ቀረ። እሱ ካለፈ በኋላ የተወለዱ ልጆችም ዛሬ ያደምጡታል።